ከበሩ ማዶ የምትቆመው መኪና

«ጡረታ ከወጡ በኋላስ? ቀናቸውን በምን ያሳልፉ ነበር?»

ለቅዳሜው ቀብር ንግግር የምታዘጋጀው ቄስ ይህን ስትጠይቅ ዓይኗ የሟቹ የልጅ ልጅ ቲልደ ላይ አረፈ። ቲልደ መልሱን ታውቀዋለች። ለማን መነገር እንዳለበት፣ ጭራሽስ መነገር እንዳለበት ግን አታውቅም።

እናቷ ብርጊተ ቀደመቻት። «አትክልቱ ነበረው» አለች ቡና እየቀዳች። «ጽጌረዳዎቹ። ፋብሪካውን ለእኔ ካስረከበ ወዲያ እርግፍ አድርጎ ነው የተወው።»

«መልቀቅ ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች ቄሷ። ሐሳቡን ሳትወደው አልቀረችም፤ ወዲያው ጻፈችው።

የቀረውን ቀደም ብላ ሰምታለች። ሟቹ ኢንጂነር ቦርገ ላውሪድሰን ምዕራብ ዩላንድ ውስጥ፣ እዚሁ ከተማ ከአንድ አንጥረኛ ተወለዱ። ኮፐንሃገን ተማሩ፤ እዚያው ይቀራሉ ሲባል ተመልሰው መጡ፤ የአባታቸውንም አንጥረኛ ቤት ለወተት ፋብሪካዎች ፓምፕ የሚሠራ ድርጅት አደረጉት። በሩ ላይ አሁንም «ላውሪድሰንና ወንድ ልጁ» የሚል ሰሌዳ አለ። ብርጊተ ኃላፊነቱን በተረከበች ዕለት ካቻቢቴ ይዘው ሰሌዳውን ሊነቅሉ መሰላል ላይ ወጥተው ነበር። «ተወው አባዬ፣ ሰው ትንሽ ግራ ይጋባ» ብላ እየሳቀች አወረደቻቸው። ቄሷ ይህን ስትሰማ እሷም ሳቀች።

ቄሷን ሸኝተው በሩ እንደተዘጋ ብርጊተ ኩባያዎቹን ማጠብ ጀመረች።

«እኔ ለጥቂት ጊዜ ነው ያልኩት» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

«ምኑን?»

«ምሳውን። ጡረታ ከወጣም በኋላ በየቀኑ ምሳውን ይዞ እየመጣ ከሠራተኞቹ ጋር ይበላ ነበር። እኔ አንድ ነገር ስናገር ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው የእሱን ፊት ነው። እሱ ቅንድቡን ካነሳ በቃ፣ የእኔ ነገር አበቃለት። ‹አባዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ቤትህ ብላ› አልኩት። ‹ልክ ነሽ› አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድርሽ አላለም። በልደቴ ቀን እንደ ወጉ ትንሿን ባንዲራ ጠረጴዛው ላይ አቁመን ስንጠብቀው እንኳን!» ውኃውን ዘጋችው። «ተቀይሞኝ ነው የሞተው፣ ቲልደ።»

ቲልደ የተሰጣትን ኩባያ ከደረቀም በኋላ ታደርቀው ነበር።

ባለፈው መኸር የሒሳብ አስተማሪዋ ታሞ ከትምህርት ቤት በጊዜ የወጣች ዕለት፣ ነፋሱን ሽሽት በፋብሪካው ጀርባ በኩል ነበር ብስክሌቷን የነዳችው። ከኋላው በር ማዶ፣ ከማዳበሪያ መጋዘኑ ጥግ፣ የአያቷ ግራጫ መኪና ቆማለች። አያቷ መሪው ላይ የምሳ ዕቃቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል። ያን በመሰለ ብርድ መስኮቱ ገርበብ ብሏል።

«አባባ! እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ምሳ እየበላሁ ነዋ። ዓይንሽን አመመሽ እንዴ? ግቢ፣ ግቢ፣ ብርዱን አታስገቢብኝ።»

«መስኮቱን የከፈትከው አንተ! ቤትህ አትበላም?»

«ቤት ደወል የለም» አሉ።

ወዲያው የፋብሪካው የምሳ ደወል ጮኸ። አያቷ የምሳ ዕቃውን የከፈቱት ያኔ ነው። ጥቁር ዳቦ፣ ጉበት፣ ሁለት ወፋፍራም ቁራጭ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር። ግማሹን ለእሷ ሰጧትና አብረው በሉ። ምሳ አብቅቶ ማሽኖቹ ሲነሱ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ስሚ። ትልቁ ቶርኖ አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለታል። እኔ ብሆን በአሮጌው እስከ ፋሲካ አንገላታው ነበር። እናትሽ ከእኔ ትሻላለች።»

«ለምን አትነግራትም ታዲያ? እኔ ልንገራት?»

«እንዳትሞክሪያት!» አፋቸውን ጠረጉ። «ከሰማች ታዝናለች። ታዝንና ‹ና ግባ› ትለኛለች። እኔ ደግሞ እገባለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ከዚያ ፋብሪካው የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ቲልደ አልነገረችም። አልፎ አልፎ እየሄደች አብራቸው በላች እንጂ።

ቅዳሜ ዕለት ቄሷ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ «መልቀቅን ያወቁ ሰው» አለች። «የእጃቸውን ሥራ ለልጃቸው ሰጥተው፣ ዞር ብለው ሳያዩት ወደ ጽጌረዳዎቻቸው የሄዱ።» ሰዉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ብርጊተ ብቻ አልነቀነቀችም። እጇ ቲልደ እጅ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ከቀብር በኋላ በደብሩ አዳራሽ ቡናና ኬክ ቀረበ። ከፋብሪካው ሠራተኞች ሁሉ አንጋፋው ፕሬበን፣ ክራቫቱን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ቲልደ አጠገብ ዘፍ አለ።

«መልቀቅ ያውቅ ነበር አሉ!» አላት በሹክሹክታ። «እኛ ከምሳ ክፍሉ መስኮት የምናየው ታዲያ የማን አያት ነበር?»

ቲልደ ኬኩን ሳህኑ ላይ መለሰች። «ታውቁ ነበር?»

«የማያውቅ ማን አለ? ሰውዬው እኮ መኪና ውስጥ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አልነበረም። የእናትሽ ቢሮ ወደ ባሕሩ ስለሚያይ እሷ ብቻ ናት ያላየችው።»

«ለምን አልነገራችኋትም ታዲያ፣ ጋሼ ፕሬበን?»

ፕሬበን ግራ ገባው። «እኛ ምን አገባን? የቤተሰብ ነገር ነው» አለና ከኬኩ ሌላ ቁራጭ አነሳ። «አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቆመን ኩባያችንን እናነሳለት ነበር። እሱም ቴርሞሱን ያነሳልናል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ ሰው በመስታወት አሻግሮ እያየ ሰላምታ ሰጥቷል። መንገዱን ተሻግሮ ወደ መኪናው የሄደ ግን የለም። ቲልደ ይህን ስታስብ ከአያቷ ጋር የበላችባቸው ቀናት ከመቼውም በላይ ጥቂት ሆነው ታዩዋት።

ቀና ስትል እናቷ ከአዳራሹ ማዶ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ትዞራለች። ሰዎች ክንዷን ይዘው ስለ ጽጌረዳዎቹ ያወሩላታል። እሷም ፈገግ ትላለች።

«እንዳትሞክሪያት» ብለዋል አያቷ። ግን የፈሩት «ና ግባ» መባልን ነበር። አሁን ና ግባ የሚባል ሰው የለም። እውነቱ ሲሰማ እንደሚያም ቲልደ አልጠፋትም። ምናልባትም እናቷ አሁን ከምታምነው የባሰ ያም ይሆናል። ይህን የምትጠይቀው ሰው ፈለገች፤ አጠገቧ ያለው ፕሬበን ኬክ እየበላ ነው።

ስልኳን አወጣች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

«እማዬ፣ አባባ አልተቀየመሽም። በየቀኑ ይመጣ ነበር። ከበሩ ማዶ፣ ማዳበሪያ መጋዘኑ ጋ መኪናው ውስጥ ሆኖ ደወላችሁን እየጠበቀ ነበር ምሳውን የሚበላው። ‹ከእኔ ትሻላለች› ብሎሻል። አብሬው በልቻለሁ።»

ላከችው።

ብርጊተ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አነበበች። መልእክቱ አጭር ነው፤ እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ከዚያ ስልኩን ኪሷ መልሳ፣ ማንቆርቆሪያውን አንስታ፣ ቀጥሎ ለተቀመጡት ባልና ሚስት ቡና ቀዳች። ወደ ቲልደ አልዞረችም።

ወደ ቤት ሲሄዱ መኪና ውስጥ ስለ አየሩ አወሩ። ሰኞ ብርጊተ እንደወትሮዋ በጠዋት ወደ ሥራ ሄደች። ቲልደ በየእረፍቱ ስልኳን ከፍታ ታያለች። መልእክቱ መነበቡን የምታሳየው ምልክት አለች፤ ከሥሯ ግን ነጭ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በሳምንቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ እንደዚያው ነበር።