እናታችን ጭነት አይደለችም

ቢቸና ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የታደለና የአስናቀች ቤት ነበረ። ታደለ በአሮጌ ፒክአፑ የሰው ዕቃ እያመላለሰ ቤቱን ያስተዳድራል፤ ዛሬ ጤፍ፣ ነገ ቆርቆሮ፣ ከነገ ወዲያ የአንዱ ተከራይ አልጋና ቁምሳጥን። አስናቀች ደግሞ ትፈራለች። አዎ፣ የአስናቀች ዋና ሥራ መፍራት ነበር! ሰው ይስቅባታል፤ ግን ሁለት ልጆች በኩፍኝ አከታትላ የቀበረች እናት ካልፈራች ማን ይፍራ? የተረፈቻት ጸደንያ ብቻ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ነርስነት የምትማር፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ። ጸደንያ ካሳለች እናቷ አትተኛም። ስልኳ ካልተነሣ ጎረቤት ይሰበሰባል። «አምላኬ ሆይ፣ ይህችን ብቻ ተውልኝ» ትላለች አስናቀች፣ ውሃ ስትቀዳም ሽሮ ስታማስልም። ሌላ ምን ለመነች? ምንም!

ታደለ ጭነቱን የሚያስረው በገመድ ነበር። አባቱ ቀንበር በጠፍር ሲያስር እያየ ያደገ ነውና በእግሩ ረግጦ ይስብና ደራርቦ ይቋጥራል፤ «ይሄን እንኳን መንገድ፣ ሰይጣንም አይፈታውም» ይላል። አንድ ቀን ከሉማሜ ሲመለስ የጫነው የብረት በር ስለት ገመዱን በላውና ጭነቱ መሐል አስፋልት ላይ ተዘረገፈ። ማንም አልተጎዳም። አስናቀች ግን በዚያ መንገድ ሊያልፍ ይችል የነበረውን ሰው ሁሉ በሐሳቧ ስትቀብር ሰነበተች። ከዚያ ለፋሲካ የታሰበላትን ቀሚስ ትታ ሞጣ ሄደችና መወጠሪያ ያለው የጭነት ቀበቶ ገዛች። ባለሱቁን አሰለቸችው። ቀጭኑን መልሳ ሰፊውን አስወረደች፤ ጫፉ ላይ የተሰፋችውን፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈባትን ጨርቅ አነበበች፤ ጨርቋ የሌለችበትን «አቅሙን ያልነገረኝን አላምነውም» ብላ ገፋችው፤ ጠርዙ የተበላ እንዳይሆን ብላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ታደለ ሲያየው፤ ወዲያው አንሥቶ ሊቋጥረው ጀመረ።

«አትቋጥረው! ቋጠሮ ያደክመዋል።»

«ካልቋጠርኩት ምን ሊይዘው ነው? ጸሎትሽ?»

«የመወጠሪያው ጥርስ ይይዘዋል። ጫፉን በዘንጉ ስንጥቅ አሳልፍ፤ ላላውን በእጅህ ስበህ ጨርስ፤ ከዚያ እጀታውን ከፍ ዝቅ አድርገው። መንጠቆውን ከወፍራሙ ብረት ስቀለው እንጂ ከቆርቆሮው አይደለም። አይጠማዘዝ። ስለት ያለው ጥግ ላይ ጨርቅ አድርግለት። ደግሞ ትንሽ ሄደህ ቁምና እንደገና አጥብቀው።»

«እሺ፣ የመንገድ ትራንስፖርት ኃላፊ!»

«አባ፣ ዝም በላት» ብላ ሳቀች ለዕረፍት የመጣችው ጸደንያ። «ቢቻላት እኔንም በእሱ አልጋው ላይ ታስረኝ ነበር!»

ይስቁ እንጂ ታደለ ለመደው። ለምዶም ወደደው። ጭነቱን ወጥሮ ቀበቶውን በመዳፉ መታ መታ ሲያደርገው እንደ ከበሮ ይመልስለታል፤ ያን ጊዜ ሚስቱን አየት አድርጎ ፈገግ ይላል። አስናቀች በዕድሜዋ አንድ ፍርሃቷን ያሸነፈች መሰላት። ምነው እንዲሁ በቀረ!

የታደለ እናት እማሆይ ወለተ ገብርኤል ሞጣ፣ በትልቁ ልጃቸው በመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ቤት ይኖሩ ነበር። ቀድሞ ቢቸና ሳሉ ጸደንያን ጡት ከጣለች ጀምሮ በጉያቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከረጅም ሕመም በኋላ ዐረፉ። ኑዛዜያቸው አንድ ነበር፤ ቢቸና፣ ከባላቸው ጎን እንዲቀበሩ። ጸደንያ ከትምህርቷ እያለቀሰች መጣች፤ ሦስቱም በፒክአፑ ሞጣ ገቡ።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የቅኔ መምህር ናቸው። ሲያልፉ ሽማግሌ ይነሣላቸዋል። አባታቸው ሲሞት ታደለን በእጃቸው ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ታደለ ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ አንድ ቀን «አይሆንም» ብሏቸው አያውቅም። የእማሆይ ሬሳ ሣጥን በከፋይ ጨርቅ ተሸፍኖ ፒክአፑ ላይ ወጣ። ከሥሩ፣ ለክብራቸው፣ አዲስ የላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈ። ታደለ እንባውን እየዋጠ ቀበቶውን አምጥቶ በሣጥኑ ላይ አሳለፈና መወጠር ጀመረ። እጀታው ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ግቢው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እንዳይንቀሳቀስ ነው፣ ጋሼ።»

«እናትህን እንደ ጤፍ ኩንታል ትጠፍራታለህ? ዘጠኝ ወር የተሸከመችህን? እናታችን ጭነት አይደለችም! ፍታ!»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። አስናቀች አላስቻላትም። «መሪጌታ፣ ይማሩኝ። መኪናው ሰው ይሁን ጭነት አያውቅም።»

«በእናታችን ሬሳ ላይ ነው አፍ የምትከፍቺው?»

«ኧረ ምን ያለችው ናት!» አለች አንዷ ከኋላ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

ታደለ ሚስቱን አየ፤ ወንድሙን አየ። ከዚያ… ማስለቀቂያውን በአውራ ጣቱ ጫነው። ቀበቶው ላላ። ጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ከተተው። መሪጌታ በግርጌ በኩል ሣጥኑን ለመያዝ ወጡ። ጸደንያም ዘላ ወጣች፤ ጀርባዋን ለጋቢናው ሰጥታ በራስጌ በኩል ተቀመጠች።

«ውረጂ፣ ልጄ! ከእኔ ጋር ጋቢና ግቢ!»

«እማ፣ እባክሽ ዛሬ እንኳን ተይኝ። እሷ እኔን ስንት ዓመት ይዛኛለች፤ እኔ አንድ መንገድ ልያዛት።»

አስናቀች ጋቢና ገብታ የባሏን ክንድ ያዘች። «ታደለ፣ ልጄ ከኋላ ናት። ከዚህ ከተማ ስንወጣ ቁምና እሰረው።»

«ጋሼን በመንገድ ላይ ላዋርዳቸው? ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ቀስ ብሎም ነዳ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። አስናቀች አንገቷን አዙራ በኋላው መስታወት የልጇን ነጠላ ስትመለከት መጣች። ደብረ ወርቅን አለፉ። ቁልቁለቱን ሲይዙ ግን ሣር የተጫነ አህያ ከመንገዱ ዳር ድንገት ገባ። ታደለ ፍሬን ረገጠ። መኪናው ቆመ… ሣጥኑ ግን አልቆመም! በዚያ ለክብር በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ተንሸራተተ፤ የመሪጌታ እጅ ከፋዩን ብቻ ጨብጦ ቀረ። ያ ሁሉ ክብደት የጸደንያን ደረት ከጋቢናው ጋር አጣበቀው።

አህያው ምንም አልሆነም። ሣሩን ተሸክሞ ሄደ።

ሲያወጧት ዓይኗ ክፍት ነበር። «እማ…» አለች፣ ትንፋሽ እያጠራት። «አያቴ… ወደቀች እንዴ?»

«አልወደቀችም፣ ልጄ። ይዘሻታል። ይዘሻታል!»

ቢቸና ሳይደርሱ አለፈች። አንድ መቃብር የተቆፈረበት ግቢ ሁለተኛ ተቆፈረ።

«ቀኗ ነው» አለ ለቀስተኛው። «እግዜር የቆረጠው ነው፣ አይዞሽ።» መሪጌታም ከድንኳኑ ጥግ ሆነው «ቀኗ ነው» አሉ። ያን ጊዜ አስናቀች፣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ «ቀኗ አልነበረም! ቀበቶው ከመቀመጫው ሥር ነበር!» ሰው ግን ሐዘን አናግሯት ነው ብሎ ውሃ አቀመሳት። ስንት ዓመት ሙሉ ተናግራ ማን ሰማት? አሁንስ ማን ይሰማት?

ታደለ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ አውራ ጣቱን ያያል። አንድ ጧት «ስደቢኝ እንጂ!» አላት። አስናቀች፣ «ሰድቤህ እሷ የምትመጣ ቢሆን ቀንም ማታም እሰድብህ ነበር» አለችው። ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ንግግር የሚባል ነገር ጠፋ። እህል ይቀርባል፤ እህል ይነሣል። መሪጌታም ወደ ቢቸና ድርሽ አላሉም።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ቅዳሴ አልቆ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንደተሰበሰበ፣ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል በበሩ ገቡ። ጥምጥማቸውን አውልቀዋል። በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ሽማግሌ የሚነሣላቸው ሰው አስናቀች እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ማሪያቸው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌዎቹ። «እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ቀኗ ነበረ…»

«ይኸው! ዛሬም ቀኗ!» አለች አስናቀች። «መሪጌታ፣ ድንጋዩ ለእኔ ከሆነ ያውርዱት፤ እኔ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? አፍዎን ነው የምፈልገው። ይሄ ሁሉ ሰው እርስዎን ይሰማል፤ እኔን አይሰማም። የሆነውን ይንገሩልኝ።»

ለቅኔ የማይደናቀፈው ምላስ ተሳሰረ። በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ «ልጄ ጸደንያ በቀኗ አልሞተችም» አሉ። «ሣጥኑ ታስሮ ነበር። ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ይህች ሴት ነግራኛለች፤ በሰው ፊት ሴት ተናገረችኝ ብዬ እልህ ያዘኝ። ለእናቴ ክብር አልነበረም… ለራሴ ነበር።»

አስናቀች ተንበርክካ ድንጋዩን ያዘች። ከበዳት። ያን ጊዜ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ያልዞረው ታደለ ከሰው መሐል ወጥቶ በሌላው በኩል ያዘላት፤ ባልና ሚስት ከወንድም አንገት ላይ አንሥተው መሬት አስቀመጡት። ሦስቱም እዚያው፣ ተቃቅፈው፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ተመስገን፣ ታረቁ!» አለ ሰው፤ እልል ያለም ነበረ።

ታረቁ፣ አዎ። ዕጣ ፈንታ ግን ምን ያህል ግፍ ተሸክማለች! ሰው በእጁ የፈታውን፣ በዝምታው የተወውን፣ በኩራቱ የገፋውን ሁሉ ሰብስቦ በእሷ ላይ ይጭናል፤ እሷም አፍ የላትም፣ አትከራከርም። ቀንን የሚቆርጥ እግዚአብሔር ነው፤ ማን ይክዳል? ግን «እሰረው» ያለው የእናት ልመናስ ከእሱ ያልመጣ እንደሆነ ማን ነገረን? አስናቀች በዚያ ቀን ይቅር አለች፤ ተሰማች፤ ባሏም ከግድግዳው ዞረላት። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን እጇ እንደ ልማዱ ስልኩን አነሣ… የምትደውልላት ልጅ አልነበረችም።