ይካሎ ለጋዜጣው የነገረው

«የሙቀቱን ተዪውና ወደ ልጄ ግቢልኝ!» አሉ አቶ ግርማይ፣ በመነጽራቸው አናት እያዩዋት።

ኑስራ ስልኳን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አቶ ግርማይ ኦስዶርፕ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ ከእነ ኑስራ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው ይካሎ አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ፤ የአባቱን ስልክ ማንሳት ከተወ ሦስት። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የፊኒክስን ወሬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እያስተረጎሙ ያስነብቧታል። ባቡሩ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ሰፈር ዛፍ እንደሌለው፣ ሙቀቱ ስንት ሰው እንደጣለ ያውቃሉ። የከተማው ምክር ቤት ቢያማክራቸው አይጎዳም ነበር።

ዛሬ ደግሞ የፊኒክስ የሰፈር ጋዜጣ ላይ የወጣው ይካሎ ራሱ ነው።

«አርባ ስድስት ዲግሪ ነው፣ አባባ ግርማይ። ይካሎ የአዛውንቶችን የአየር ማቀዝቀዣ በነጻ ይጠግናል። ሃያ ሦስት ቤት! ኤኽት! የእውነት! አየህ?»

«‹አየህ›? የዚህ አገር ግብር ቢሮ እንኳ ሲጽፍልኝ ‹እርስዎ› ይለኛል፤ አንቺ የወሎ ልጅ ሆነሽ!» ብለው ሳቁ። «ቀጥዪ። ለምን በነጻ ይሠራል?»

የኑስራ ዓይን ቀጣዩ መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። «አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ቤተሰብ የለኝም» ይላል ይካሎ። «ሽማግሌ ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል።»

ሃያ ሦስት የሰው አባት አቀዝቅዞ የራሱን ቀብሯል።

«ምነው ዝም አልሽ? ስለ እኔ ይላል እንዴ?»

«አዎ... ‹ሽማግሌ ሳይ አባቴ ትዝ ይለኛል› ይላል።»

አቶ ግርማይ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ሦስት ጊዜ አስደገሟት። «አላልኩም? የእኔ ልጅ! በይ በወረቀት አትሚልኝ። ሰኞ ሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ ቡርትሃውስ፣ ይዤው እሄዳለሁ። ጓደኞቼ ‹ረስቶሃል› እያሉ በካርታ ጨዋታ መሀል ሲያላግጡብኝ ከርመዋል። በራኺ እንግሊዝኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ለሁሉም ጮክ ብሎ ያነበዋል።»

ኑስራ ስልኳን ወደ ራሷ አዞረች። አቶ በራኺ አንዲት ቃል የማይዘሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ድምፃቸው የሚጨምር ሰው ናቸው።

«ማተሚያችን ቀለም ጨርሷል» ልትል ነበር። ግን አቶ በራኺም ቤት ማተሚያ አለ።

አቶ ግርማይ የሰኞውን ኮፍያ ለመምረጥ ተነስተዋል፤ ግራጫውን አድርገው መስታወት ፊት ቆሙ።

«የቱ ያምርብኛል?»

ኑስራ ተነስታ ሬዲዮውን አጠፋች። ተመልሳ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«አባባ ግርማይ፣ ና ቁጭ በል» አለች። «ያላነበብኩልህ መስመር አለ።»