ፊቤን ማን ጠራት?

ጋይስ፣ በጌታ ነው የምላችሁ... አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ከጆበርግ ወጣ ብሎ፣ የአገሩ የመጀመሪያ ነዋሪዎች፣ የሳን ሰዎች፣ በጥንት ጊዜ እንስሳ የቀረፁበት ድንጋያማ ኮረብታ አለ። ከቸርች ወጣቶች ጋር በሚኒባስ ታክሲ ሄድን።

ማሚ መሃል ከተማ፣ ጀፕ የሚባለው የሀበሾች ሰፈር፣ ሱቅ ስለምትውል ትንሿን እህቴን ፊቤን ይዣታለሁ። ስድስት ዓመቷ ነው። ቢጫ ጃኬት ለብሳለች። ማሚ "አደራ፣ ካንቺ ነው የምቀበላት" ብላኛለች።

እኔ ደግሞ ደስታዬ! ሴልፊ በሴልፊ ሆንኩ።

አስጎብኚው ግን... ዮህ። የቀረፁት የሱ ቅድመ አያቶች ናቸው። ገና ሲያየን ጠላን። ሰላም ስንለው እንኳን ፊቱን አዞረ። ድንጋዩ ላይ ወጥተን ስንጨፍር፣ አያቶቻችሁ መቃብር ላይም እንዲህ ነው የምትሆኑት ብሎ ጮኸብን።

ከዛ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስማችሁ ሲጠራ ከሰማችሁ ዝም በሉ። ማንም ይሁን።"

ሳቅን። መሪያችን ማናሴ ሳይቀር፣ ይቺ ለቱሪስት ናት ብሎ ቀለደ።

አስጎብኚው አልሳቀም። ሲያስረዳን ሁሉ አንዴም ጀርባውን ለድንጋዩ አልሰጠም...

ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ቆመ።

ወፍ የለም።

ጥላ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ነካሁት... እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

"ፊቤ..."

የማሚ ድምፅ። ከድንጋዮቹ ኋላ።

ማሚ እኮ ጀፕ ናት!

እኛ ቤት ደግሞ ስትጠሪ ካልመለስሽ አለቀልሽ። ማሚ ሁለቴ አትጠራም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጫማ ነው። አፏን ልይዝ ዞርኩ... ቀደመችኝ።

"አቤት" አለች ፊቤ።

አስጎብኚውን አየሁት። ያ ሁሉ ንዴት ከፊቱ ጠፋ። ያዘነልኝ መሰለኝ። ከጩኸቱ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው።

"ያዣትና ውጪ" አለኝ በሹክሹክታ። "አሁን።"

ወደ ኋላ ሳላይ እጅ ያዝኩና ሮጥኩ። ትንሽ እጅ... ቀዝቃዛ። ማናሴ በኢየሱስ ስም እያለ ሁላችንንም ቀደመን፣ አንድ ጫማው እዛው ቀርቷል።

ታክሲው ውስጥ ገባን። እጇን አልለቀቅኩም። ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ጃኬቷም ጠረኗም የፊቤ ነው። እፎይ ብዬ በመስኮት አየሁ።

ድንጋዩ ላይ... ቢጫ ጃኬት።

ፊቤ። ወደ እኔ እጇን ዘርግታ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ... ድምፄ እምቢ አለ።

ሹፌሩ ዞሮ፣ የቀረ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ማንም የለም" አለች ከጎኔ ያለችው።

በሩ ተዘጋ።

ድንጋዩ ላይ ያለችው እጇን አወረደች። ከዛ... ቀስ ብላ ቁጭ አለች። እስኪመጡላት እንደምትጠብቅ ልጅ።