ጉማራ የወሰደው ማመልከቻ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ የቁሐሩ ሚካኤል ሰይፉን ይምዘዝብኝ! እንዲያውም ስንቱን ቀንሼላችኋለሁ፤ እውነቱን እንዳለ የሚሸከም አንባቢ የት ይገኛል?

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ክረምት ያየህ በሥነ ሕይወት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወረታ ገባ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ከተማው ቀጥ አለ፤ እንቁራሪቱ ሳይቀር ጩኸቱን አቆመ። ደግሞስ ምን ከተማ! ሁለት ረድፍ ቆርቆሮ፣ መካከሉ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ። ያየህ ጫማውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ አፍንጫውን ነፋ።

በኪሱ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ማመልከቻ ይዟል። ሺህ ምሩቅ ይሻማበታል፤ እኔ አሥር ሺህ ነው ባይ ነኝ። ነሐሴ ሃያ አዲስ አበባ ካልደረሰ ግን አይቀበሉትም። ሁሉ ተሞልቶ የጎደለው የዕድሜ ማስረጃ ብቻ ነበር፤ ያንን የሚጽፉለት ደግሞ ያጠመቁት ቄስ፣ አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ቁሐር ድረስ ቤታቸው ሄደ።

አባ ብርዓቸውን ነክረው፦ «ልጁ የተወለደው የከብት እልቂት በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው» ብለው ጻፉ።

«አባ፣ ዓመተ ምሕረቱን ቢጽፉልኝ?»

«እልቂቱን የማያውቅ መምህር ምን ሊያስተምርህ ነው?»

ከበረቱ በኩል ሣቅ ተሰማ። የአባ ልጅ ገላነሽ ናት። ስለ ውበቷ ምን ልበላችሁ! በሜዳው ስታልፍ ጣራ ገዳም ያሉ መነኮሳት ዳዊታቸውን ገልብጠው ይይዙ ነበር ይባላል፤ የሚለው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ክንዷን እስከ ክርኗ ቅቤ ተቀብታ ምጥ ከያዛት ላም ኋላ ቆማለች። ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቷል።

«አንተ ሐኪሙ! ና ጅራቷን ያዝልኝ።»

«እኔ የሰው እንጂ የከብት ሐኪም አልሆንም» አለ ያየህ፣ ኮቱን እየሰበሰበ።

«ገና የማንም አልሆንክም። ያዝ!»

ያዘ። ደሙ ሲፈስ ግን ወደቀ የሚሉ ምቀኞች አሉ። ውሸታቸውን ነው! የተማረ ሰው ስለሆነ የአፈሩን ዓይነት ሊመረምር በጀርባው ተጋደመ። ምርመራውን ሲጨርስ ጥጃው በአራት እግሩ ቆሟል፤ ገላነሽም ፊቱ ላይ ውሃ ታፈስበታለች።

«ጥጃው ቀድሞህ ተነሣ» አለችው።

ተያዩ። በዓይኗ ያለውን ንቀት አዲስ አበባ እንኳ አልገጠመውም። ሌላ ቢሆን ተቀይሞ በቀረ ነበር። እሱ በማግስቱም፣ በሠልስቱም መጣ። «ጥጃውን ልጠይቅ ነው» ይላል።

በሳምንቱ ከበረቱ አጥር ተደግፈው ውሃ የተኛበትን ሜዳ ሲያዩ ቆዩ።

«ሐኪም ስትሆን ትመለሳለህ?» አለችው።

«ወደዚህ ረግረግ? ምን ላደርግ? ትንኝ ላክም?»

የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ስትጠመዝዝ፣ ስትፈታ ቆየች።

«ትንኝ ደም አይታ አትወድቅም» አለች በመጨረሻ። «ካንተ ትሻላለች።» ጥላው ሄደች።

ትንኟም ሰምታ ኖሮ ያየህን በንዳድ ጣለችው። የአልጋው መንቀጥቀጥ ወረታን አናወጠ። ነሐሴ ዐሥራ ሰባት ሆነ፤ ማመልከቻው እንደ ታሸገ ራስጌው ነው። ገላነሽ ከአባቷ የተላከ ጠበል ይዛ መጣች።

«አጎቴ ማረው ዛሬ ከቀትር በኋላ ከሐሙሲት ጭነት ይዞ ለአዲስ አበባ ይነሣል» አለች። «እሱ ካለፈህ በቀኑ የሚያደርስልህ የለም። ስጠኝ።»

«ገላ፣ ሕይወቴ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ።» ፖስታውን በመቀነቷ ሸጉጣ ወጣች።

ማታ ባዶ እጇን ተመለሰች። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ! አሞላሉስ እንዴት ያለ ነው! አርባ ወይፈን ከነቀንዱ፣ ሰባት ጎጆ ከነምሰሶው ጠርጎ፣ ገላነሽን እስከ አንገቷ ውጦ፣ ፖስታውን ከመቀነቷ ፈትቶ ወሰደው።

ያየህ ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በአራተኛው ቀን አጥሚት ይዛለት መጣች።

«ለእኔ ወረቀት ብለሽ ልትሞቺ ነበር?» አላት።

ዝም አለች። በዚያ ዝምታ እስከ መጨረሻው ወደዳት። ረግረጉን የናቀው ያ ኩሩ፣ ወረታ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ሆኖ ገባ፤ ለአባ ሽማግሌ ላከ፤ በጥር ተጋቡ። እሱን ያጡት የሕክምና መምህራን እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ።

ይህንኑ ዘንድሮ በኅዳር ሚካኤል እነሱው ቤት፣ ጠላ ላይ ተረኩት። ጉማራ ስደርስ ወይፈኖቹን ስልሳ አስገባኋቸው። ያየህ እንደ ልማዱ ሚስቱን በኩራት እያየ ሣቀ። ገላነሽ ማሰሮውን መሬት አስቀመጠች።

«ያን ዕለት ጉማራ አልሞላም» አለች ቀስ ብላ፣ እኔን ሳይሆን ባሏን እያየች። «ተሻግሬ ሐሙሲት ደርሻለሁ። ማረውን ከመኪናው አጠገብ ቆሞ አየሁት፤ ተመለስኩ። ፖስታው ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ከሙሽርነት ቀሚሴ ሥር።»