በንጉሡ ሠ ጻፊው

ጵርስቅላ ሰው መናቅ የምትጀምረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጉርድ ሾላ ያለውን ማተሚያ ቤት ከፍታ ኮምፒውተሩን ስታበራ ነበር። መጀመሪያ የሠርግ ካርድ የሚያሠሩትን ትንቃለች፤ ሁሉም «ሁለት ርግብ ይኑርበት» ይላሉና። ቀጥሎ ያልሠሩበትን መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ ብለው የሚያስጽፉትን። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን የቆርቆሮ ልጆችን ነበር።

ቆርቆሮ ሌብል ነው። ሌብል ማለት፣ እነሱ እንደሚሉት፣ ሙዚቃ የሚያሳትም ድርጅት ነው። እሷ እንደምታየው ደግሞ አራት ጎረምሳ፣ ሁለት ላፕቶፕና ቀበና ያለ የአለቃቸው የአምሃ አባት ጋራዥ ነው። የሚሠሩት ዘፋኝም ግጥምም የሌለው፣ በኮምፒውተር ብቻ የሚመታ የጭፈራ ሙዚቃ ነበር። በየሦስት ወሩ «አዲስ ሪሊዝ አለን» ብለው ይመጣሉ። አዲሱ ሪሊዝ ሃምሳ ሲዲ ነው። አሥሩን ለራሳቸው ይወስዳሉ፣ ሃያውን ለፈረንጅ ያድላሉ፣ የቀረው አምሃ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ይከርማል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ቁጥር ያስጽፋሉ፤ «ቆርቆሮ ዜሮ ዜሮ ሦስት»። ሺህ ሊደርሱ ምንም ያልቀራቸው ይመስል ሁለቱን ዜሮ መቀነስ አይሆንላቸውም።

«እኛ አንደርግራውንድ፣ የምድር ሥር ሙዚቀኞች ነን» አላት አንድ ቀን አምሃ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ማን ሊፈልጋችሁ መጥቶ ነው የተደበቃችሁት?» አለችው።

አምሃ አልሳቀም። ከእነሱ መሀል የሳቀው አንድ ብቻ ነበር፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን የሚያይ ረዥም፣ ጎበጥ ያለ ልጅ። እሱንም ናቀችው። ሰው ሲሰደብ አብሮ የሚስቅ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጊዜው ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ለባቡሩ ሐዲድ ተብሎ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ መንገዱ ተቆፍሮ፣ አቧራው ማተሚያ ቤት ድረስ እየገባ ቀለሙን ያበላሽ ነበር። በዚያ አቧራ መሀል አራተኛው ሪሊዝ መጣ። ሽፋኑ ላይ «ሙዚቃ፦ ሠረቀብርሃን ለይኩን» ተብሎ እንዲጻፍ በብጣሽ ወረቀት ሰጧት። ኮምፒውተሩ ላይ ሠን ለማምጣት አንድ ተጨማሪ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ጵርስቅላ ለቆርቆሮ ልጆች ተጨማሪ ቁልፍ የምትጫንበት ምክንያት አልታያትም። በሰ ጻፈችው፣ ሃምሳውንም አተመችው።

በሦስተኛው ቀን ጥምጥማቸው የነጣ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አዛውንት ገቡና ሽፋኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

«ይኼን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ምን ሆነ?»

«ልጄን ሌባ አድርገሽዋል።»

ጵርስቅላ ሽፋኑን አየች፣ ሰውየውን አየች። ምንም አልገባትም።

«እኔ የየካ ሚካኤሉ መሪጌታ ለይኩን ነኝ» አሉ። «ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው። ብርሃን ወጣልኝ ብዬ ነው ስም ያወጣሁለት። አንቺ በእሳቱ ሰ ጽፈሽ ብርሃን ሰረቀ አልሽው። እሱንም ሃምሳ ጊዜ።»

«ድምፁ እኮ አንድ ነው።»

«ላንቺ ነው አንድ የሆነው። ስምሽ ማነው?»

«ጵርስቅላ።»

«በጵ ነው በፕ?»

«በጵ ነው እንጂ!»

«እህ። የራስሽን ግን አስተካክለሽ ታውቂዋለሽ።»

እናትና አባቷ እንኳ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዋት አያውቁም። እልህ ይዟት፣ «ሙዚቃውስ አልከፋዎትም?» አለቻቸው።

«ሙዚቃውን ተይው» አሉ መሪጌታ ወደ በሩ እየሄዱ፤ «እሱን እኔና እናቱ ለምደነዋል።»

በማግስቱ ጎበጥ ያለው ልጅ ራሱ መጣ። ጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ጫማው ላይ።

«ይቅርታ፣ አባቴ አስቸገሩሽ መሰለኝ።»

«ያጠፋሁት እኔ። ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ?»

«እንጃ» አለ ሠረቀብርሃን። «አንዳችን መጠየቅ ነበረብን።»

ሳቋ አመለጣት። ሳቋ ስላመለጣት ተናደደች፣ ስለተናደደች ደግሞ ልትሰድበው ፈለገች። «እስቲ የሰረቅከውን ብርሃን አሰማኝ» አለችው።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። የሆነ ነገር ያጉረመርማል፣ በየመሀሉ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ ከሥሩ ከበሮ የመሰለ ነገር እየደለቀ ይከተለዋል።

«ይሄማ ወፍጮ ቤት ነው» አለች፣ ለስድብ።

ሠረቀብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «የቱ ወፍጮ ቤት?»

«ሾላ ገበያ ጀርባ ያለው ነዋ። ቀበቶው ላልቶ ጠፍ ጠፍ የሚለው። ልጅ ሆኜ እህል ይዤ ስንት ቀን ተገትሬበታለሁ።»

ልጁ ትኩር ብሎ ያያት ጀመር። ዓይኑን አልነቀለም፤ እሷም መንቀል አቃታት። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀቱን ጨርሶ ባዶውን ይጮኻል።

«እሱ ነው» አላት በመጨረሻ። «በስልኬ ነው የቀዳሁት። እስካሁን ያወቀው ሰው የለም። አምሃ ለፈረንጆቹ የአዲስ አበባ ባቡር ድምፅ ነው ብሏቸዋል።»

«ባቡሩ ገና አልተሠራም እኮ።»

«እነሱ የት ያውቃሉ።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የሚታተም ሳይኖረው መምጣት ጀመረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስትጨርስ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ይዘው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። እሱ ድምፅ ይቀዳል፤ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ሲላጥ፣ የቅጠል ሸክም መሬት ሲነካ፣ ሩቅ ያለ መጥረቢያ። ሲቀዳ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ዝም በይ ማለቱ ነው። ጵርስቅላን ዝም ያሰኘ ሰው እስከዚያ ቀን አልተወለደም ነበር። እጁ በወጣ ቁጥር ግን ዝም ትላለች፣ ያን ጊዜ ጎበጥ ያለውን ጀርባውንና ጨዋ ፊቱን እንደ ልቧ ታያለች።

አንድ ቀን እጁ ገና ሳይወርድ፣ «ወደድኩህ መሰለኝ» አለችው። «ደስ አላለኝም።»

ቀረጻው ተበላሸ። «እኔን ግን ደስ ብሎኛል» አላት።

ፍቅር ጥሩ ነው፤ ቤት ይዘውት ካልገቡ ግን ዳገት ላይ ይቀራል። እናቷ ወይዘሮ አሳየች ጉርድ ሾላ ካለችው የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። የልጃቸው ባል ከዚያው ከመዘምራኑ እንደሚወጣ ቡድኑ በሙሉ ያምናል፤ ሁለት ሦስቴ ጸልየውበታልም። የኦርቶዶክሱ መሪጌታ ልጅ ቤታቸው ሊመጣ ነው ብሎ ያሰበ የለም። ጵርስቅላ ይህን ስታስብ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ሳምንት ታዛውረዋለች። እሱም አይጠይቃትም። አለመጠየቁን ደግሞ በሆዷ ፍርሃት ብላ ትንቅበት ነበር።

በግንቦት የበርሊኑ ወሬ መጣ። አንድ የጀርመን ሌብል የቆርቆሮን ሥራ በሸክላ ሊያሳትም ነው። አምሃ የሽፋኑን ጽሑፍ ይዞ ሲመጣ መሬት አትበቃውም ነበር። ጵርስቅላ አነበበችው። ስድስት ሙዚቃ አለ፤ ስድስቱም ሥር «አምሃ» ይላል። ከታች በደቃቁ ምስጋና ለሹፌሩ፣ ለጋራዡ ዘበኛና «ለኤስ» ይላል።

ማታውን ሳትጠብቅ ሠረቀብርሃንን ጠራችው።

«ከስድስቱ አምስቱ ያንተ ነው። ኤስ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ስምህ ረዥም ነው፣ ፈረንጅ አይጠራውም አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እላለሁ? ኮምፒውተሩ የሱ ነው። ሰዎቹን የሚያውቃቸውም እሱ ነው። ዋናው ሥራው መውጣቱ ነው።»

ጵርስቅላ ይህን ሁሉ ዓመት የናቀችው ሁሉ ለዚች ቀን ልምምድ መሰላት። «እኔ ሌባ ያደረግኩህ በስህተት ነው» አለችው። «አንተ ግን አውቀህ ትሰረቃለህ። የራሱን ስም አምሃ ፊት መጥራት ያቃተው ሰው የኔን ስም እናቴ ፊት እንዴት አድርጎ ሊጠራ ነው? ስምህን አስመልስ። ያስመለስክ ዕለት ራሴ ይዤህ ሄጄ እናቴ ፊት አቆምሃለሁ። እስከዚያ እንዳትመጣ።»

ሠረቀብርሃን አልተቆጣም። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አስተካከለና ወጣ።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። በሁለተኛው ወር አምሃ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ።

«ያ የደብተራ ልጅ ለበርሊኖቹ ደብዳቤ ጽፎ አዋረደኝ! እንግሊዝኛውን ብታዪው…»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«የኔ ነው ብሎ ነዋ። የቀዳውን ሁሉ ከነቀኑ ላከላቸው፣ የወፍጮ ቤቷን ሳይቀር። መጀመሪያ ጋራዡ ድረስ መጥቶ ፊት ለፊት ነገረኝ። ከእንግዲህ ጋራዡ በር ድርሽ አይላትም!»

«ባቡር አልነበረም እንዴ?» አለችው ጵርስቅላ፣ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዙራ። ደስታዋን እንዳያይባት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስታወት ፊት ተለማመደች። «እማ፣ ይሄ ሠረቀብርሃን ነው። የምወደው ሰው ነው።» በጣም አጭር ነው፣ ለሕፃን ልጅ እንኳ አይከብድም። የወይዘሮ አሳየችን ፊት እያሰበች በየቀኑ ደገመችው።

መስከረም ውስጥ፣ አንድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ መጣ። አምልኮው አልቆ ሰዉ የቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ ሰላምታ እየተለዋወጠ ነው። ወይዘሮ አሳየች ከጸሎት ቡድኑ ሴቶች ጋር ቆመዋል፤ በተለይ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ያዩትን ሁሉ ሳይናገሩ የማያድሩት፣ እዚያው ናቸው። ሠረቀብርሃን የተተኮሰ ኮት ለብሷል። ብብቱ ሥር ሰፊ አራት ማዕዘን ጥቅል ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሲራመድ አየችው።

«ወጣ» አላት፣ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ። ሸክላው ላይ ስሙ ከነአባቱ በትልልቁ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል።

«ማነው ልጄ?» አሉ እናቷ ከኋላዋ።

ጵርስቅላ ዞረች። ዓረፍተ ነገሩ አፏ ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ከኮሌታው በላይ ጥቁሩ ማተቡ ታያት። ወይዘሮ ዘርትሁንም ማተቡን ሲያዩ፣ ቅንድባቸውም ሲነሳ አየች።

«ደንበኛ ነው» አለች። «የማተሚያ ቤት ደንበኛ። ሥራ ሊያሳየኝ ነው።»

ሠረቀብርሃን አየት አደረጋት። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ለወይዘሮ አሳየች ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አዎ፣ እናቴ፣ ደንበኛ ነኝ። ልጅዎ ጎበዝ ሠራተኛ ናት።»

«ተባረክ ልጄ።»

ጥቅሉን ጵርስቅላ እጅ ላይ አኖረና ሄደ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ወይዘሮ አሳየች ከኋላው እያዩ። «እሁድ እንግዳ በር ላይ ይሸኛል? ምሳ ብላ አይባልም? ምን ነካሽ አንቺ።»

ጵርስቅላ ሮጠች። የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ደረሰችበት።

«ደንግጬ ነው» አለችው እያለከለከች። «ዘርትሁን ቆማ ነው። አሁኑኑ ተመለስ፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ። እማዬ ወዳሃለች እኮ።»

«አምሃ ጋ ስሄድ መንገድ ላይ ሁለቴ ቆሜ ነበር» አላት በቀስታ። «ከዚህ ከተመለስኩ ትንቀኛለች እያልኩ ነው የሄድኩት። ንቀትሽን ለምጄዋለሁ፣ ጵርሲ፣ ደስም ይለኝ ነበር። እንደምታፍሪብኝ ግን አላወቅኩም።»

«አላፈርኩብህም።»

ረዳቱ «መገናኛ፣ አንድ ሰው!» አለ። ሰልፉ ላይ የቀደመው እሱ ስለነበር ገባ።

ደወለች፣ አያነሳም። የካ ሚካኤል ድረስ ሁለቴ ወጣች፣ ሁለቴም ከበሩ ተመለሰች። መሪጌታ ቢወጡ ማን ነኝ ትላቸዋለች? በአባቱ ግቢ የራሱን ሌብል እንደከፈተ፣ በዓለም ላይ አርባ የሚሆን ሰው ሥራውን እየጠበቀ እንደሚያዳምጥ ሰማች። ሽፋኑን ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት። ሸክላው ቁም ሣጥኗ ላይ ነው፤ ቤታቸው ማጫወቻ የለም።

ሰው መናቅም ተወች። ሁለት ርግብ ያሉትን ሁለት ርግብ ታደርግላቸዋለች።

ጥር ላይ አንድ ምሽት ከእናቷ ጋር ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«ያ ደንበኛሽ ጠፋ እኮ» አሉ ወይዘሮ አሳየች። «ያ ጨዋው። በጸሎቴ ሳስበው ነበር። ማን ነበር ስሙ?»

«ሠረቀብርሃን» አለች ጵርስቅላ።

«ደስ የሚል ስም ነው» አሉ እናቷ፤ «ሲመጣ ቤት ይዘሽው ነይ።»