የማነጻጸሪያው ደም

አናጺው ቀኑን ሙሉ ከመጋዝ ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ነው፤ መርፌ ማየት ግን አይችልም። ደም ሊሰጥ ሐኪም ቤት የገባ ቀንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይሄን የሚያህል ክንድ ይዘህ መርፌ ትፈራለህ?» አለችው የላብራቶሪ ባለሙያዋ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

«ክንዱ አይፈራም። እኔ ነኝ የምፈራው።»

የመጣው ለእህቱ ብሎ ነበር። አንጀቷ እየቆሰለ ዓመታት ተሠቃይታለች። ሐኪሞቹ ከበሽታ መከላከል ሲገባው የገዛ አካልን የሚያጠቃው አንቲቦዲ በዘር ይወረስ እንደሆነ ለማጥናት የታማሚዎቹን ጤነኛ ወንድሞችና እህቶች ደም ይመረምሩ ነበር።

ደሙን ሰጥቶ ወጣ፤ ልቡ ግን እዚያው ቀረ። እህቱን ለክትትል ማድረስ የሱ ሥራ ሆነ። እሷም ነገሩ ስለገባት፣ ቀጠሮ ሳይኖራት ሁሉ «ዛሬ ሐኪም ቤት አትወስደኝም?» ትለው ጀመር። በሦስተኛው ወር ባለሙያዋ ለአንድ ሰው የምትበቃ ትንሽ ጠረጴዛ አዘዘችው።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። አንቲቦዲው በሱም ደም ውስጥ ተገኘ። ሐኪሙ «ታመሃል ማለት አይደለም» ቢለውም ከጆሮው አልገባም። እህቱ ስንቴ እያለቀሰች ከገበታ እንደተነሳች ያውቃል። ያቺን ሳቂታ የላብራቶሪ ልጅ ለዚህ አልዳርጋትም ብሎ ቆረጠ፤ እግሩን ሰበሰበ፤ ስልኳንም አላነሳ አለ።

በሳምንቱ ሥራ ቦታው ድረስ ከች አለች።

«ጠረጴዛዬስ?»

መጋዙን አስቀመጠ። ከዚያ የሆዱን ዘረገፈው። «በደሜ ውስጥ አለ። ነገ ልጅ ብንወልድ . . .»

«ማንና ማን?» አለችው። «ገና መቼ ጠየቅከኝ?»

አናጺው እስከ ጆሮው ቀላ። እሷ ግን አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ስማኝ። የናንተን ደም ከባዕድ ጤነኛ ሰው ደም ጋር እናነጻጽራለን። ፈቃደኛ ሲጠፋ እኛው ሠራተኞቹ እንሰጣለን። ከማነጻጸሪያዎቹ ውስጥ ቁጥር አሥራ አራት የኔ ደም ነው። በኔም ተገኝቷል።»

«ባንቺ?»

«በኔ። በቤታችን አንጀቴን ብሎ የተኛ ሰው የለም።»

«አትፈሪም?»

«ስንት ዓመት ይዤው ስስቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስላወቅኩት ሳቄን ላቁም?»

ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለለው።

«ልጆቹስ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እንከታተላቸዋለን። ደም ይሰጣሉ። መርፌ ሲያዩ ብቻ አባታቸውን እንዳይወጡ።»

«አባታቸውን አልሽ?»

«ጠረጴዛውን ሰፋ አድርገው» አለችው።