ከኋላችን የበራው አራተኛው

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከሌላ ሰው የሰማሁት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ባልነሳኝ።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

ከቀኑ ነው ያልኩት። ግን ድቅድቅ ጨለማ ነበር...

በሰሜን ኖርዌይ የባሕር ዳርቻ፣ ስቴንቪካ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ፀሐይ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ብቅ አላለችም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ይሆንና መልሶ ይጠቁራል። ሰው ግን ጨለመ ብሎ ቤቱ አይቀመጥም። በረዶውን እየረገጠ በባሕሩ ዳር፣ በገደሉ አፋፍ ይሄዳል። እኔም ለትምህርት ከሄድኩ ሦስተኛ ዓመቴ ስለነበር እንደነሱ ሆኜ ነበር።

የምኖረው ከቶርላይቭና ከሚስቱ ከጌርትሩድ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቶርላይቭ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ተማሪዎችን ሰብስቦ መውጣት ይወዳል። አንዱን ሳምንት ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ዓሣ ያስጠምደናል፤ ሌላውን ሳምንት በበረዶ ላይ ያንሸራትተናል፤ አንዳንዴም በገደሉ አፋፍ እስከ አሮጌው የመርከብ መብራት ማማ ድረስ ያስኬደናል።

እዚያ አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው የሚባለው። እኔ ግን በልቤ አባቴ እለው ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ገንፎዬን ስበላ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ጌርትሩድ ዛሬ ገናው ነው አለችኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ የእኛ ዛሬ ነው።»

«እኛ እኮ ዛፉን አውጥተን ጣልነው! ትንሽ ቀደም ብለህ አትናገርም?» ሳቀ። «በል፣ ለበዓልህ ወደ ማማው እንሄዳለን። የዛሬው መሪ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ኦስሎ የተወለደ ሰው እንኳ ለእኛ የደቡብ ሰው ነው። አንተማ የደቡቦች ሁሉ ደቡብ ነህ። ግን ሦስት ዓመት በረዶ ረግጠሃል። ይበቃል።»

ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ማንንም አስመርቶ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነን ወጣን። እኔ ከፊት፣ ከኋላዬ አብራኝ የምትማረው ሱኒቫ፣ ከእሷ ቀጥሎ ቀልደኛው ሆቫርድ፣ መጨረሻ ላይ ቶርላይቭ።

በዚያ ጨለማ ማንም ሰው ያለ አንጸባራቂ ከቤት አይወጣም። ትንሽ ነገር ናት፤ በክር ታስራ ከኪስ ትንጠለጠላለች። መብራት ሲያርፍባት ቦግ ትላለች። ቶርላይቭ ሲመራን የመንገድ ምልክት የሆነ የድንጋይ ክምር በደረሰ ቁጥር ቆሞ ይዞራል፣ የግንባሩን ባትሪ ወደ ኋላ ያበራል፣ አንጸባራቂዎቹን ይቆጥራል፣ ይቀጥላል። ፊት አይቆጥርም። ፊት ሁሉ በሻርፕ ተጠቅልሏል።

እኔም እንደሱ አደረግኩ።

ስንሄድ በየክምሩ ዞርኩ። ሦስት። ሁልጊዜ ሦስት።

ማማው ሥር ተቀምጠን ብርቱካን ላጥን። ሆቫርድ የብርቱካኗን ልጣጭ እንደ ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ለጥፎ «ክቡር መሪ!» እያለ ሰገደልኝ። ቶርላይቭ እስኪያነባ ሳቀ።

በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሳ።

ከማማው ቀጥሎ ያለው ክምር ጋ ደረስኩ። ዞርኩ። አበራሁ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

አራት።

አልደነገጥኩም። እውነቴን ነው። በዚያ መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው የሌሎችን መብራት አይቶ ከኋላ መከተሉ የተለመደ ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንዱ ተቀላቅሎናል ብዬ ቀጠልኩ።

ቀጣዩ ክምር ጋ እንደገና ዞርኩ።

አራት።

አሁን ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሦስቱ አንጸባራቂዎች ሰው ሲራመድ እንደሚሆነው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። አራተኛው አይወዛወዝም።

ነፋሱ የሁላችንንም ልብስ ያርገበግባል። አራተኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል...

ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። የሰው ጉልበት አካባቢ።

በባትሪው ብርሃን የሦስቱም ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታየኛል። ከአራተኛው በላይ ምንም ጭስ የለም።

«ሄይ!» ብዬ ጮህኩ፣ መንገድ ላይ ለሚገናኙት ሰው እንደሚባለው።

«ምን ሆንክ?» አለች ሱኒቫ።

«ከኋላ ላለው ሰው ነው።»

ነፋሱ ቃሌን ወሰደው። «እ?»

«ምንም። ቀጥይ።»

የመጨረሻው ክምር ከመንደሩ በላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ የቶርላይቭ የጀልባ ቤት ይገኛል። ዞርኩ። አራት። የመጨረሻው ከሦስቱ ራቅ ብሎ ቀርቶ ነበር። ደክሞታል አልኩ በልቤ። ቀስ ብዬ መራሁ።

ጀልባ ቤቱ ጋ ስንደርስ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። መሪ መጨረሻ ነው የሚገባው።

ሱኒቫ ገባች። ሆቫርድ ገባ። ቶርላይቭ በረዶውን ከጫማው አራግፎ ገባ፤ እኔም ስገባ በሩን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

«አትዝጋው። አንድ ሰው ቀርቷል።»

«ማን?»

«ከኋላችን የነበረው።»

ሦስቱም አዩኝ።

«ከኋላችን ማንም አልነበረም፣» አለ ሆቫርድ።

«ነበር። ቆጥሬዋለሁ። በሦስት ክምር ላይ አራት ነው ያየሁት።»

ሆቫርድ ሳቀ። «ክቡር መሪ፣ ራስህን ቆጥረህ ይሆናል!»

«ራሴ ላይ እንዴት አበራለሁ?»

«እሺ፣ ከሌላ ዓለም ለገና የመጣ እንግዳ ነዋ!»

ሱኒቫም ሳቀች። ፊቴ ጋለ። ቶርላይቭ ግን አልሳቀም። ምድጃው ላይ እንጨት እየጨመረ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ።

«መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

«እዚህ ከበላያችን ካለው ክምር ትንሽ ወደዚያ። ርቆ ነበር። ግን ቶርላይቭ... ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። አንተ መጨረሻ ነበርክ። አላየህም?»

«አላየሁም። እርምጃም አልሰማሁም። የእኔን ጆሮ ግን የጀልባ ሞተር በልቶታል።» ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሰው ቀርቷል አልክ እኮ።»

«ተሳስቼ ከሆነስ?»

«ተሳስተህ ከሆነ ጥሩ ነው። ተመልሼ እስቅብሃለሁ።»

አብሬው ልሄድ ተነሳሁ። የእግሬ ጣቶች ደንዝዘው ስለነበር ተንገዳገድኩ። አየኝ።

«አንተ እግርህን አሙቅ። ሆቫርድ፣ ነፍስ አዳኞቹ ጋ ደውል። ሲመጡ መንገዱን አሳያቸው።»

ወጣ። በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የመንደሩ ነፍስ አዳኞች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መምህር፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ባለሱቅ። ብዙም ሳይቆዩ የጀልባ ማቆሚያው በሰው ተሞላ። እራት የሚያዘጋጁት ከነሽርጣቸው፣ ለሌሊት ሥራ ቀድመው የተኙት ከፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው መጡ። እኔ የጠራኋቸው ናቸው። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው።

ብሪኒያር የሚባለው፣ የቡድኑ አለቃ፣ ትልቁን መብራት ማቆሚያው ላይ እየተከለ ጠየቀኝ።

«የጠፋው ወንድ ነው ሴት?»

«አላውቅም።»

«ምን ለብሷል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያየኸው?»

«አንጸባራቂውን።»

ከኋላ አንዲት ሴት ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «ቤት ለቤት ጠየቅን። ከመንደሩ ማንም አልጎደለም» አለች። «ከሌላ ቦታ የመጣ መኪናም አልቆመም።»

የዚያ አገር ሰው አይሰድብህም። ዓይኑን ወደ ጫማው ይጥላል። ያን ማታ ስንት ሰው ጫማውን ሲያይ አየሁ... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ብሪኒያር መብራቱን አበራው። ረጅሙ ብርሃን ተራራው ላይ ወጣ። እኔ አጠገቡ፣ ሱኒቫ ከጎኔ ነበረች።

ብርሃኑ በረዶውን እየዳሰሰ ሄደ... ሄደ...

ቦግ አለ።

«ያ ቶርላይቭ ነው፣» አለ ብሪኒያር።

አንጸባራቂው እየተወዛወዘ ወደ ክምሩ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ወደፊት፣ የጠፋውን ፍለጋ።

ከዚያ ሌላ ቦግ አለ።

ዝቅ ያለ። የማይወዛወዝ።

ከፊቱ አልነበረም።

ከኋላው ነበር።

ሱኒቫ ክንዴን ጨመቀችው። ጥፍሯ በሹራቤ አልፎ ተሰማኝ።

«አየሽው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዝም በል...»

«አየሽው አይደል?»

«ዝም በል አልኩህ። ከዚህ በላይ አትናገር። በቃ።»

እኔ ግን ጮህኩ። «ሁለት ናቸው! ከኋላው ነው! ቶርላይቭ! ዙር!»

ድምፄን ነፋሱ ወደ ባሕሩ ገለበጠው። ብሪኒያር ከመብራቱ ገመድ ላይ ቀና ብሎ አየ። በረዶ እየነፈሰ ነበር። አሁን የሚታየው አንድ ብቻ ነው።

«አንድ ነው፣» አለ በለሆሳስ። ወደ ሱኒቫ ዞረ። «አንቺ አይተሻል?»

ሱኒቫ መሬት መሬት አየች።

«እኔ... በረዶው ነው የሚያብረቀርቀው።»

ብሪኒያር ትከሻዬ ላይ እጁን አደረገ፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው። «ግባና እሳት ሙቅ፣ እሺ?»

ቀና ስል ተራራው ላይ አንዱም አልነበረም።

ወደ ላይ የወጡትን ሰዎች የበረዶው አውሎ ነፋስ መልሶ አወረዳቸው። ቶርላይቭ አልወረደም። ሲነጋም፣ ከዚያ በኋላም ፈለጉት። ውሻ አመጡ፣ ሄሊኮፕተር አመጡ። የጠፋ ሰው ሪፖርት ከየትም አልመጣም። አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። እኔ የላክሁት።

ቤቱን ልለቅ ሻንጣዬን አሰርኩ። ጌርትሩድ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው። ና ብላ።»

«ጌርትሩድ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኛል።»

«ምን ብዬ?»

«ላልነበረ ሰው ነው የሞተው። የእኔ ዓይን ነው የገደለው።»

«ሰው ቀርቷል ሲባል ቁጭ የሚል ሰው አላገባሁም፣» አለች። «ድሮም እንዲያ ነበር። አንተ አይደለህም ያደረግከው።» ድንቹን አቀረበችልኝ። «ብላ።»

ዓሣውን በሹካ ወዲያና ወዲህ አገላበጥኩት። እሷ ደግሞ ያለማቋረጥ ትጨምርልኝ ነበር። መንደሩም እንዲሁ ነው። ሱቅ ስገባ ያው ሰላምታ፣ ያው ፈገግታ። አንድ ቀን አንድ ሰው እንኳ «አንተ ነህ» ቢለኝ ኖሮ ቀና ብዬ እከራከር ነበር። ማንም አላለኝም። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ።

ሱኒቫ መንገድ ቀይራ መሄድ ጀመረች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማኋት።

«አይቼዋለሁ። ይቅር በለኝ። ሁሉም ያዩህ ነበር፤ እንዳንተ እንዳያዩኝ ፈራሁ።»

ወዲያው ሄደች። አላዘንኩባትም። እንዴት እንደሚያም አውቀው ነበር።

በረዶው ግንቦት ላይ ቀለጠ።

ቶርላይቭን ያገኙት ከመጨረሻው ክምር ብዙም ሳይርቅ፣ በባሕሩ በኩል ካለ የድንጋይ ጥግ ሥር ነው። ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ተቀምጧል። በሹራብ ብቻ ነበር።

ብሪኒያር ቤት ድረስ መጥቶ ለጌርትሩድና ለእኔ ነገረን። በብርድ የሚሞት ሰው መጨረሻ ላይ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል አለ፤ የሚታወቅ ነገር ነው። ይህን ሲል ግን ዓይናችንን አላየም።

ጃኬቱ አጠገቡ ነበር። አልተጣለም። ዚፑ እስከ አንገት ድረስ ተዘግቷል። የጃኬቱ ኮፍያ ወደ ላይ ተጎትቶ፣ ገመዱ አገጭ ሥር ታስሯል፤ ለሌላ ሰው ሲያለብሱ እንደሚያስሩት። ውስጡ ባዶ ነው።

የቶርላይቭ ቀኝ እጅ በጃኬቱ እጅጌ ጫፍ ገብቶ፣ ውስጥ ያለ እጅ የያዘ ይመስል ተጨብጦ ደርቋል።

እጁን ለማላቀቅ እጅጌውን በመቀስ ቆረጡት።